የመትረፍ ደወል

የላ ፕዋንት ቤተ ክርስቲያን ደወል ከማማው የወደቀው በመስከረም ወር በሁለተኛው ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ ነው። ጀልባ ሠሪው ካስፓር የሞተውም በዚያው ነፋስ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የአውሎ ነፋስ መካከሉ ምን እንደሚመስል በመንደሩ ውስጥ በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያላየ የለም።

በየዓመቱ ከአፍሪካ ዳርቻ ተነሥቶ ውቅያኖሱን የሚያቋርጠው ነፋስ፣ ላ ፕዋንት ወዳለችባት ትንሽ ደሴት ሲቃረብ ወደ ሰሜን ይታጠፍ ነበር። የሌሎችን ጣሪያ ይወስዳል፤ ለላ ፕዋንት ግን የጎርፍ ጭቃና የተቀነጠሰ ሙዝ ትቶ ያልፋል። ይህ ደጋግሞ በመሆኑ ሰው እንደ መብቱ ቆጥሮት ነበር፤ ልማድም ወጥቶለት ነበር። ነፋሱ ጋብ ሲል የደወሉ ጠባቂ የመትረፍን ደወል ይደውላል። ደወሉን የሰማ ሁሉ በሩን ከፍቶ ይወጣል፤ አባወራው ደጃፉ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን ስም ይጠራል፤ ጎረቤቱም «አለሁ!» ብሎ ይመልስና የቀጣዩን ስም ይጠራል። ጥሪው እንዲህ እየተቀባበለ ከኮረብታው እስከ ባሕሩ ዳር ይወርዳል። ደወል እየተደወለ ከቤቱ ያልወጣ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ከመንደሩ ጋር ተኳርፏል ይባላል።

ከኮረብታው ማዶ ያለው ሞርን ሩዥ የተባለው መንደር የራሱ ደወልና ይኸው ልማድ አለው። ከሁለቱ ቀድሞ የደወለው መንደር በማግስቱ ይጋበዛል፤ የዘገየው አተሩን ቀቅሎ፣ የበቆሎ ገንፎውን አገንፍቶ፣ ፍየሉን አርዶ፣ ድስቱን ተሸክሞ ኮረብታውን ይሻገራል። ነገሩ በድስቱ ብቻ ቢያበቃ ቀላል ነበር፤ ፌዙ ግን እስከሚቀጥለው የነፋስ ወራት ይዘልቃል።

ዜልማ የደወሉን ቁልፍ ከአባቷ ከወረሰች ወዲህ ላ ፕዋንት አንድም ጊዜ ቀድሞ አያውቅም። ባርቤዶስ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ በደሴቲቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የምታስተምር ሴት ናት። መንደሩ በሙሉ «ቲቸር» ይላታል። ከመደወሏ በፊት ሬዲዮ ታዳምጣለች፣ ሰማዩን ታያለች፣ ባሕሩን ታያለች፤ እሷ ይህን ሁሉ ስታደርግ የሞርን ሩዥ ደወል ጠባቂ አምብሮዝ ገመዱን ጎትቶ ይጨርሳል።

ሬዲዮው ነፋሱ ከባርቤዶስ በስተምሥራቅ እንደ ደረሰ በተናገረበት ቅዳሜ፣ ዜልማ የባትሪ ድንጋይ ልትገዛ ወደ ሱቅ ወረደች። ካስፓር ከነመጋዝ ብናኙ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሩሙን ይጠጣ ነበር።

«ቲቸር! ባትሪው ለሬዲዮው ነው ለራስሽ?»

«ለሬዲዮው ነው፣ ካስፓር።»

«ኧረ ለራስሽም ጨምሪበት! ባለፈው ያንቺን ደወል የሰማሁት እኮ ፍየሌን ገፍፌ ስጨርስ ነው።»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ።

«አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነፋሱ ትንፋሹን እስኪሰበስብ እንኳ አይጠብቁም ነበር። አንቺ መጀመሪያ መጽሐፍ ትገልጫለሽ።»

«መጽሐፍ መግለጥ አንተንም አይጎዳህም ነበር።»

«እኔማ ካነበብኩ የሠራኋት ጀልባ ትሰጥማለች። ሳላውቅ ነው የምትንሳፈፍልኝ።» ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝማ፣ ዘንድሮ ቀልድ አይደለም። የቀረችኝ ፍየል አንዲት ናት፤ እሷም እርጉዝ ናት። ክሌመንሲያ እሷን ከማሳርድ አንተን ባርድ ይሻለኛል ብላኛለች። አደራ ቲቸር፣ በእጅሽ ነን!»

ዜልማም አብራ ሳቀች። ካስፓር የትምህርት ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች ያለ ዋጋ የጠገነ፣ የአባቷን ሣጥን የሠራና የተሸከመ ሰው ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ የሚከብድ ፌዝ ከእሱ ሲመጣ ይቀላል። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ዳገቱ ላይ ሳለች ፊቷ እየጋለ መሄዱን ልብ አለች።

እሑድ ሬዲዮው ነፋሱ ወደ ሰሜን ሊታጠፍ እንደሚችል ተናገረ። ሰው የሰማው «ይታጠፋል» ብሎ ነው። ሰኞ ማለዳ ሳይታጠፍ መጣ።

ዜልማ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው የድንጋይ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጠልላ ነበር፤ አብረዋት የአባቷ እኅት ታንቲ ኦዲል ነበሩ። ነፋሱ ከሰሜን ነበር የሚነፍሰው። መጀመሪያ ያፏጭ ነበር፤ ቆይቶ ድምፁ ከጆሮ አልፎ በደረት ውስጥ የሚሰማ ሆነ። የአንዱ ቤት ቆርቆሮ እንደ ወረቀት እየተገላበጠ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲያልፍ ታየ። ውኃ በበሩ ሥር እየገባ የታንቲ ኦዲልን ጫማ ወሰደው። ሬዲዮው መንጫጫት እንጂ መናገር ተወ። አሮጊቷ ጸሎታቸውን ይጀምራሉ፤ ነፋሱ ያቋርጣቸዋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ከዚያ ቀትር ላይ ሁሉም ነገር ቆመ።

ዜልማ በሩን ከፈተች። ፀሐይ ወጥቷል። አየሩ ይከብዳል፤ ጆሮዋ ተራራ እንደ ወጣ ሰው ተደፍኗል። በግቢው አጥር ላይ የባሕር ወፎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ በአጠገባቸው ብታልፍ አንዱም አልተነሣም። ቀና ስትል ከራሷ በላይ ክብ የሆነ ሰማያዊ ሰማይ አየች፤ ዙሪያውን ደመናው እንደ ግድግዳ ቆሟል።

ይህን ክብ ታውቀዋለች። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን በነጭ ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥላዋለች፤ በመካከሉ «ዓይን» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሩ ደግሞ ከዓይኑ በኋላ የሚመጣው ነፋስ ከፊተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚነፍስ፣ ብዙ ጊዜም ከፊተኛው እንደሚብስ ጽፋ ተማሪዎቹን አስገልብጣለች። በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነገሩ የመጣባት እንደ ጥርጣሬ አልነበረም። ከነሙሉ ስሙ ነው የመጣባት።

«አለፈ!» አሉ ታንቲ ኦዲል ከኋላዋ። «ይኸው ፀሐይ! ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ?»

«ቆይ ታንቲ...»

«ምን ቆይ አለው! አሁን እኮ ያ አምብሮዝ ደረጃውን እየወጣ ነው። የሱ ሚስት የእናንተ የበቆሎ ገንፎ አይበላም ስትለን ከርማ፣ ዘንድሮም ተሸክመንላት ልንሄድ ነው? አባትሽ ቢሆን...»

«ታንቲ፣ አንድ ጊዜ ዝም ይበሉኝ።»

 በዚያ ጸጥታ ውስጥ ዜልማ የጠበቀችው የነፋሱን ድምፅ አልነበረም። የሞርን ሩዥን ደወል ነበር። እስካሁን አልተደወለም። ሬዲዮው ሊታጠፍ ይችላል ብሎ ነበር፤ ምናልባት የነካን ጠርዙ ነው፤ ምናልባት ክቡ ክብ አይደለም፤ አባቷ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም ነበር። እነዚህን ሁሉ ለራሷ የነገረችው ወደ ማማው ሥር ሄዳ፣ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ የገመዱን ጓጉንቸር እየከፈተች ሳለ ነው። ከዚያ በሁለት እጇ ጎተተች።

ደወሉ በዚያ ከባድ አየር ውስጥ ከወትሮው ይልቅ ጠርቶ ተሰማ። አንድ በር ተከፈተ፤ ሌላም ተከፈተ። የመጀመሪያው ስም ተጠራ። «አለሁ!» የሚለው ቃል ከደጅ ወደ ደጅ እየዘለለ ቁልቁል ወረደ። ሴቶች ሳቁ፤ ውሻ ጮኸ። ከታች ከመንገዱ መታጠፊያ የካስፓር ድምፅ ከሁሉ በላይ ሆኖ ተሰማ።

«ዛሬስ ቀደምሽ ቲቸር! ፍየሌ እግርሽን ትስማለች!»

ዜልማ ገመዱን እንደያዘች ፈገግ አለች። ከሁሉም አብልጣ የምታስታውሰው፣ ሊለቃት ያልቻለው፣ ይህ ፈገግታዋ ነው።

በስተደቡብ ያለው ደመና ቀርቦ ነበር። ባሕሩ ከሥሩ ነጭ ሆኗል። ዜልማ ገመዱን እንደገና ጨበጠች፤ ነገር ግን እጇ ሳይጎትት ቀረ። በላ ፕዋንት «ግቡ» የሚል ደወል የለም። የፈለገችውን ያህል ብትደውል ሰው የሚሰማው «ውጡ» የሚለውን ነው። ወደ አጥሩ ሮጣ፣ ሁለት እጇን እያወዛወዘች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። ከታች ያያት ሰው ሁሉ በደስታ እጁን እያወዛወዘ መለሰላት።

ነፋሱ ከደቡብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ካስፓርን ያገኙት ባሕሩ ዳር፣ ራሱ ከሠራው የጀልባ ዳስ ምሰሶዎች ሥር ነው። በማግስቱ ኮረብታው እሳት የበላው መስሎ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ቅጠል የሚባል ነገር አልቀረም። ማማው ከወገቡ ተቆርጦ፣ ደወሉ መቃብሮቹ መካከል ሳይሰነጠቅ ወድቆ ተገኘ። ብዙ ሰው ተጎድቷል፤ ክንዱ የተሰበረ፣ ፊቱ በቆርቆሮ የተሰነጠቀ አለ፤ የሞተው ግን ካስፓር ብቻ ነው። ቄሱ ከትልቋ ደሴት በጀልባ እስኪመጡ ድረስ አስከሬኑ በሣጥን ሆኖ ጄኔሬተር ባለበት በሞርን ሩዥ የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል እንዲቆይ ተደረገ። ወንዶች ተሸክመው ኮረብታውን ሲያሻግሩት ዜልማ ከኋላ ተከተለች፤ ሣጥኑን ለመንካት ግን አልቀረበችም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሚስተር ኮርኔሊየስ በዚያው ሳምንት ደወሉን ከሁለት የዝግባ ምሰሶዎች መካከል አሰቀሉት፤ ገመዱንም በዚያው በድሮው ጓጉንቸር አሳሰሩት። ዜልማ ሥራውን ቆማ ታይ ነበር።

«ሚስተር ኮርኔሊየስ፣ እኔ አውቅ ነበር» አለቻቸው።

«ምኑን?»

«ዓይኑ መሆኑን። ሁለተኛው ነፋስ እንደሚመጣ። እያወቅሁ ነው የደወልሁት።»

«አንቺ ልጅ፣ እንቅልፍ አጥተሻል።»

«እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ግን የነገርሁዎት እውነት ነው።»

«እኔ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፤ እኔ አይቼው የማላውቀውን አንቺ በምን ታውቂያለሽ? የመጽሐፍ ዕውቀት እኮ ሌላ ነው።» ወደ ሠራተኞቹ ዞር አሉ። «አጥብቀው እንጂ አንተ! ደወል ነው የምታስረው ወይስ በግ?»

ለሌሎችም ተናገረች። አንዷ ከቤቷ በወጣች ጊዜ ቤቷ በባዶው እንደፈረሰ እየማለች እጇን ልትስም ሞከረች። ሌላው «ማን አይቶት ያውቃል፣ ቲቸር» አላት። ሁሉም አጽናናት፤ አንድም ሰው ግን ጨርሶ አላዳመጣትም። ለምን እንደማያዳምጧት ቀስ በቀስ ገባት። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ፣ ቀድማ እንድትደውል ዓመቱን ሙሉ የነዘነዟት እነሱ ምን ሊሆኑ ነው? እሷን ነጻ ማውጣት ለእነሱም የሚያስፈልጋቸው ሥራ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የሞርን ሩዥ ሰዎች ድስት ተሸክመው ኮረብታውን ተሻገሩ። አተር፣ የበቆሎ ገንፎና የፍየል ሥጋ ነበር። አምብሮዝ ከፊት ሆኖ ባርኔጣውን አውልቆ መጣ፤ ድስቱን ከደወሉ ምሰሶ ሥር አስቀመጠ።

«ቀድማችሁናል» አለ። «ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ ሰው ግን ርቦት ስለነበር በላ። ዜልማ ሳትቀመጥ አምብሮዝን ወደ አጥሩ ወሰደችው።

«ከእናንተ ማን ተጎዳ?»

«ማንም። ጣሪያ ሄደ እንጂ ሰው አልተነካም።»

«አልወጣችሁም?»

አምብሮዝ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «ምን ልበልሽ፣ ቲቸር። ገመዱን በእጄ ይዤ ነበር። ልጎትት ስል ያንቺን ሰማሁ። በንዴት ለቀቅሁት። ሰው ደግሞ ተቀድመን ወጥተን ማን ፊት ልንቆም ነው ብሎ አኩርፎ ቤቱ ቀረ። ሚስቴማ ተመልሳ አልጋ ውስጥ ገባች።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ባትቀድሚኝ እኔ ነበርሁ። ይህን እንድታውቂልኝ ብዬ ነው።»

«አንተ ግን አታውቅም ነበር» አለች ዜልማ።

«ምኑን?»



በላ ፕዋንት ሰው ያለ ደወል አይቀበርም። የሟች ቤተሰብ የሟቹን መሐረብ ለደወሉ ጠባቂ ይልካል፤ ጠባቂው መሐረቡን እጁ በሚያርፍበት ቦታ ገመዱ ላይ ጠምጥሞ ይደውላል፤ ከዚያ መሐረቡ ከሟቹ ጋር ይገባል። መሐረብ ሳይላክ ጠባቂው ገመዱን አይነካም። ቄሱ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚደርሱ ተሰምቶ ነበር። ዓርብ ሆነ፤ ከካስፓር ቤት የመጣ መሐረብ የለም።

ዜልማ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ራሷ ሄደች።

የካስፓር ቤት ጣሪያ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል። ልጁ ኔላ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ከፍርስራሹ የለቀመችውን ጎባጣ ምስማር በድንጋይ እየቀጠቀጠች ታቃና ነበር። መምህሯን ስታይ ለመነሣት ያህል ተንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። ፍየሏ ከጎኗ ታስራለች። ሚስቱ ክሌመንሲያ ከውስጥ ጭቃ የነካው ልብስ በገንዳ ታጥባለች። የካስፓር ሸሚዞች ነበሩ።

«ግቢ ቲቸር። መቀመጫ የለም፤ ያ ባልዲ ላይ ተቀመጪ።»

ዜልማ ቆማ ቀረች። «ክሌመንሲያ፣ መሐረብ ልጠይቅሽ አልመጣሁም።»

«አውቃለሁ። አልላኩልሽም። ልልክልሽ አስቤ እጄ እምቢ አለኝ።» ሸሚዙን ጨምቃ ዘረጋች። «አንቺን ጠልቼ አይደለም። በሱ ደወል ፊት መቆም አቅቶኝ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ጉልበቱ አሞት ነበር። ተኝቶ ነበር፣ እዚች ጋ። ደወሉ ሲደወል ‹አንድ ጊዜስ ተኝቼ ልስማው› አለኝ። ‹ተነሥ አንተ፣ የካስፓር ቤት አልመለሰም ሊባልልህ ነው?› አልኩት። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት። እየሳቀ ነው የወጣው። እየሳቀ!» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ከዚያ ‹እግረ መንገድህን ዳሱን እይ› ብዬ የላኩት እኔ ነኝ። ይኸው ነው። አሁን ማን መሐረብ ይልካል? ገዳይ ይልካል?»

ደጅ ላይ የምስማሩ ድምፅ ቆመ።

ዜልማ ልትናገር የመጣችውን ነገር ሳምንቱን ሙሉ ስታዘጋጀው ነበር፤ በረጅሙ፣ ከምክንያቱ ጋር፣ ከጸጸቱ ጋር። ያን ሁሉ ትታ ከመካከሉ ያለውን ብቻ አወጣች።

«አንቺ ደወሉን ሰምተሽ ነው። ደወሉን የደወልሁት እኔ ነኝ። አውሎ ነፋሱ እንዳላለፈ አውቅ ነበር፣ ክሌመንሲያ። ዓይኑ ውስጥ መሆናችንን አይቼ፣ ስሙን በልቤ ጠርቼ ነው የደወልሁት።»

ክሌመንሲያ ወደ እሷ ዞረች።

«ታዲያ ለምን?»

«አምብሮዝ እንዳይቀድመኝ።»

ሌላ ምክንያት ቢኖራት ኖሮ በዚያች ሰዓት ትሰጠው ነበር። አልነበራትም።

ክሌመንሲያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ኔላ» ብላ ተጣራች። ልጅቷ በሩ ላይ መጣች።

«የዚያን ዕለት ያልሽኝን ንገሪያት።»

ኔላ መሬት መሬት አየች። «ይቅር፣ ማማ።»

«ንገሪያት አልኩሽ።»

«ቲቸር ያስተማረችን ዓይኑ ይህ ነው፣ አባባ አይውጣ አልኩ።»

«እኔስ ምን አልኩሽ?»

 ክሌመንሲያ ራሷ ጨረሰችው። «‹ዝም በይ› አልኳት። ‹ዓይኑ ቢሆን ቲቸር ትደውል ነበር?› አልኳት።»

ዜልማ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥፋቷን ከሁሉም ወገን ያየችው መስሏት ነበር። በጠመኔ የሣለችው ክብ አንዲት ቤት ደርሶ እንደነበር፣ አንዲት ልጅ በትክክል አንብባው እንደነበር፣ ያንንም ያጠፋው የእሷው ገመድ እንደሆነ አላሰበችም ነበር።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አለች ክሌመንሲያ።

«ለሁሉም። አይሰሙኝም።»

«እኔ ሰምቼሻለሁ።»

ይህን ብላ ተነሥታ ወደ ልብሱ ተመለሰች። ቆጣ አላለችም፤ አላለቀሰችም፤ ውኃውን ለወጠች። ዜልማ ልትረዳት እጇን ስትዘረጋ «ተይው፣ የሱን እኔ ነኝ የማጥበው» አለቻት። ዜልማ ወጣች። ደጃፉ ላይ ኔላ መንገድ ለቀቀችላት።

ቅዳሜ ቄሱ መጡ። ሣጥኑ ከሞርን ሩዥ ተሸክመው በመጡ በሁለቱ መንደር ወንዶች ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ግቢው ገባ። ከቤተ ክርስቲያኑ የቀረው ግድግዳው ስለሆነ ጸሎቱ በፀሐይ ላይ ተደረገ። ዜልማ በደወሉ ምሰሶ አጠገብ ባዶ እጇን ቆማለች። ቁልፉ እንደ ወትሮው በአንገቷ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እጇ ያያል፤ መሐረብ የለም። ሹክሹክታ ተጀመረ።

ሚስተር ኮርኔሊየስ ጠጋ አሏት። «አልላከችልሽም?»

«አልላከችልኝም።»

«እንዲህ ያለ ነገር ኧረ ተሰምቶ አይታወቅም። በቃ እኔ የራሴን መሐረብ እሰጥሻለሁ፤ ካስፓር ልጄ ማለት ነው። ሰው እያየን ነው፣ ደውይ።»

«አይሆንም፣ ሚስተር ኮርኔሊየስ።»

«የኔ እመቤት፣ ሰው ያለ ደወል ሊቀበር ነው?»

«እኔ ያለ እሷ ፈቃድ ገመዱን አልነካም። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ነክቼዋለሁ።»

ሽማግሌው ቄሱን አዩ። ቄሱም መጽሐፋቸውን በጣታቸው እንደያዙ መበለቲቱን አዩ።

ክሌመንሲያ ከሣጥኑ ራስጌ ተነሣች። ኔላን በክንዷ ይዛ፣ በሰዉ መካከል አልፋ፣ ደወሉ ዘንድ ደረሰች። ከደረቷ ሥር የታጠበና የተተኮሰ መሐረብ አወጣች። ለዜልማ አልዘረጋችላትም። በኔላ እጅ ላይ አኖረችው። ከዚያ መዳፏን ወደ ዜልማ ከፍታ ጠበቀች።

ዜልማ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

«አባቷን የምትደውልለት ኔላ ናት» አለች ክሌመንሲያ፣ ሁለቱም መንደር እንዲሰማ። «ቁልፉም ከዛሬ ጀምሮ እሷ ዘንድ ይሆናል።»